ያልተዘጋው ለቅሶ

ጎንደር፣ ፀዳ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለልዑልቃል፣ ኮፐንሃገን፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሳንባህስ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ ለጥምቀት ሰሞን ሙሉ ትንፋሽህን ይዘህ እንድትመጣልኝ ስለምፈልግ። እኔ ደኅና ነኝ። ኮሶዬ ያሉት አባቴም እርጅናው ቢጫናቸውም ጉባኤያቸውን አላጠፉም፣ ተማሪ መቆጣቱንም አልተዉም። አንዳንዴ "ያ የሸሸው ልጅ ትንፋሹ ሸጋ ነበር" ይላሉ፤ ስምህን ግን አይጠሩም። እሳቸው ድጓ ሲያስተምሩህ ያረዘሙት ትንፋሽ ነው እንግዲህ ዛሬ ፈረንጅ ቆሞ የሚያጨበጭብለት።

እኔም ድርሻ ነበረኝ። ከኪነት ቡድኑ ያን ቁልፉ የላላ ሳክስፎን ይዘህ ስትመጣ፣ ጋቢዬን ቆርጬ ከረጢት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሆቴል ለሆቴል ስትጫወት ጠበቅኩህ፣ አዲስ አበባ ስትሄድም ጠበቅኩህ፣ ውጭ ስትቀርም ልጅህን ይዤ ጠበቅኩህ። ይሁን፣ ያለፈ ነው።

ያላለፈውን ልንገርህ። ባለፈው ጥቅምት ሰላም የምትባል ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ስፌት ቤቴ መጣች። ሳቂታ ልጅ ናት። ወገቧን ስለካ ስልኳን ከፈተችና "እትዬ ወንጌላዊት፣ አዳራሽ ስንገባ የምንጨፍረው በዚህ ነው" ብላ ሳክስፎን አሰማችኝ። ከበሮ አለው፣ ጭብጨባ አለው። "ምን ይባላል?" አልኳት። "የኮሶዬ ሠርግ! የእኛው አገር ልጅ እኮ ነው፣ ውጭ ጃዝ ይጫወታል" አለችና ትከሻዋን ሰበቀች። እኔ ሜትሬን እንደያዝኩ፣ እሷ በልጄ ሙሾ እስክስታ ወረደች።

ወይ አንተ ሰው! የልጃችንን የዝማሬን ሙሾ ሠርግ አደረግከው?

ቀብሯ ላይ ቆመህ የሰማኸው ቢሆን እንኳ ባልተቆጨሁ። ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ተኝታ "አባዬ ምነው ቀረ?" ስትለኝ ደወልኩልህ፤ "ፌስቲቫሉ ይለፍና እመጣለሁ" አልከኝ። እሷ ቀድማ አለፈች። ወንድሜ አዳነ ለቅሶውን በስልክ ቀድቶ የላከልህ እዚያው ሆነህ እንድታለቅስ እንጂ አልበም እንድታወጣበት አልነበረም። ያን ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ከሳጥኗ አጠገብ ቆሜ፣ ድምፄ ተሰንጥቆ። ስንጥቁን ሳይቀር በሳክስፎን አምጥተኸዋል፤ አሳምረህ ነው ያመጣኸው፣ እሱንስ አልክድህም። ከዚያ አንዲት ጋዜጠኛ ዜማውን ከየት እንዳመጣኸው ስትጠይቅህ ዓይንህን በጨው አጥበህ "ልጅ ሆኜ ሠርግ ላይ የሰማሁት ነው" አልካት። ልጅ እንደነበረችህ እንኳ አልነገርካትም።

አሁን ደግሞ ለአዳነ ደውለህ "የዜማው መጨረሻ የት ገባ? ቅጂው ተቆርጦ ነው ወይ?" ብለሃል አሉ። ጋዜጦቹም "እየዞረ የሚቀር፣ መድረሻ የሌለው ድንቅ ዜማ" ብለው አወድሰውሃል፤ አዳነ ተርጉሞ አነበበልኝ። ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከዝማሬ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ቅጂው አልተቆረጠም። በእኛ በኮሶዬ ለቅሶ እንዴት እንደሚዘጋ ረሳኸው? አልቃሿ ሟችን ታነሳለች፣ እናትን ታነሳለች፣ መጨረሻ ላይ አባትን በስሙ ትጠራለች። አባት ከሰው መሃል ወጥቶ ደረቱን ሲመታ ዜማው ይወርዳል፣ ሰውም ይቀመጣል። ልጠራህ አፌን ከፈትኩ። የምትወጣበትን ቦታ አየሁት፣ ማንም የለም። ዋጥኩት። ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ፤ ጎረቤታችን አያ ውድነህ መጥተው "በቃ ልጄ፣ በቃ" ብለው ይዘው አስቀመጡኝ። ከዜማህ የጎደለው አንተ ነህ እንግዲህ፤ ሌላ የጎደለ ነገር የለም።

አሁን ስማኝ። ለጥምቀት የምትጫወትበት የጎንደሩ ሆቴል ፖስተርህን በየግድግዳው ለጥፎልሃል፤ ኮፍያ አድርገህ፣ ሳክስፎንህን እንደ ሕፃን ታቅፈህ። ትኬት ይዣለሁ። ብቻዬን የምመጣ መሰለህ? እነ እትዬ አዛለች፣ ዝማሬን አብረውኝ ያለቀሱላት የኮሶዬ ሴቶች ሁሉ በሚኒባስ ይወርዳሉ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ፊት ለፊትህ እንቀመጣለን። ሌላውን ስትጫወት ዝም ነው። ያንን ስትጀምር ግን እንነሳለን፤ አንተ ትነፋለህ፣ ቃሉን እኔ እሰጥሃለሁ። ስሟን እየጠራሁ ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እላለሁ፣ ሴቶቹ ይቀበሉኛል። ሰው በምን ሲጨፍር እንደከረመ ይወቅ! ለሰላም ግን አልነገርኳትም፤ የእሷን ሠርግ አላበላሽም፣ የአንተን ነው የማበላሸው።

መጨረሻው ላይ ስደርስ "ልዑልቃል" ብዬ እጠራሃለሁ። ወይ ከመድረክ ትወርዳለህ፣ ወይ ጀርባህን ሰጥተህ ትሄዳለህ። ሁለቱንም ጎንደር ያየዋል።

አዳነ "ካወቀ ይቀራል፣ አትንገሪው" ብሎኝ ነበር። ቅር! ደጃፉ ላይ ቆሜ ለምን እንደቀረህ ለገባው ለወጣው እናገራለሁ። ሳያውቅ ተያዘ ብለው እንዲያዝኑልህ ግን አልፈልግም። አውቀህ ና።

የሙሾዋን መጨረሻ እስከዛሬ ለማንም አላልኩም። አንዳንዴ መኪናዬ ላይ ስሰፋ ወደ አፌ ትመጣለች፣ እመልሳታለሁ። ያለ አንተ አትባልም።

ወፍራም ልብስ ያዝ። ጥር ላይ የኮሶዬ ብርድ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ መቃብሯ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ ነፋሱ አያስቆምም። ከአዳራሹ ስንወጣ ሚኒባሱ ላይ ለአንተም አንድ ቦታ አስይዣለሁ።

የዝማሬ አምላክ በሰላም ያግባህ፤ ካገባህ በኋላ ለእኔ ይተውህ።

የዝማሬ እናት
ወንጌላዊት ወልደ ዮሐንስ