ጥልፍ ለብሰው ለተቀመጡት ኮምፒውተሮቻችን ባለአደራ

ሐረር፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ ርእሰ መምህራችን ለጋሽ ሽፈራው፣

የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኮምፒውተሮቹን ጤና አላህ ይጠብቅልን እያልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የምለጥፈው አስቀድሜ ጥፋቴን ተናዝዤ ነው። ማክሰኞ የኮምፒውተር ክፍሉ ለጽዳት ሲከፈት፣ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ፣ የአንዱን ኮምፒውተር ጥልፍ ልብስ በሁለት ጣቴ ገለጥ አድርጌ አንድ ፊደል ተጭኛለሁ። ስላልበራ ምንም አልሆነም። አስተግፊሩላህ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።

አሁን ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ የእንግሊዝኛ ንባብ የሚያስተምረን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፕላዝማ ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መምህር ምንባቡን ያወጡና «አሁን አንብቡ» ይሉናል፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ሙና ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አድርጋ ግማሽ ሳትደርስ «በጣም ጥሩ! ሁላችሁም ትክክል ናችሁ» ብለውን ወደ ሌላ ገጽ ያልፋሉ። ሥርጭቱ ከሳተላይት ስለሚመጣ «ቲቸር፣ ይደገምልን» ብንልም አይሰሙንም። የክፍላችን መምህርም ደህና ሰው ናቸው፤ ፕላዝማውን ማብራትም ማጥፋትም ይችላሉ። ሳናነብ ትክክል ስለተባልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ እያቆሙና እየመለሱ የሚማሩበት የንባብ ሲዲ ኮምፒውተር ክፍሉ መደርደሪያ ላይ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል። ይህን የማውቀው ያንን ጥፋት ስፈጽም ስላየሁት ነው። ክፍሉ እንዲከፈትልን ስንለምንዎ «ይበላሻሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ምን እናሳያለን?» አሉን። በእኛ በሐረሪዎች ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች ለእንግዳ ዓይን እንጂ ለምሳ አይደሉም፤ ለዒድ አጎቴ ቤት ተጋብዘው ሲያደንቋቸው አይቻለሁ። ከሌላ አገር ተመድበው መጥተው ባህላችንን እንዲህ በቶሎ መልመድዎ ያኮራናል። ብቻ ጋሼ፣ በግድግዳው ሳህን የማንበላው የምንበላበት ሌላ ሳህን ስላለን ነው።

ሦስተኛ፦ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሶ ቀረብን እንዳልል፣ ኪቦርዱን ደብተራችን ላይ ስለን እንተይባለን። እስካሁን የተበላሸ ደብተር የለም።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ቀልዱ እምቢ አለኝ። ፈላና በር አጠገብ ሱቅ ያላቸው የሙና አባት «የአሥረኛ ክፍል ፈተና ካላለፍሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብለዋት ነበር። በሞዴል ፈተናው እንግሊዝኛ ስትወድቅ ጊዜ ግን «ታዲያ የግንቦቱን ፈተና መጠበቅ ምን ይፈይዳል?» አሉ። ጋሼ፣ ሙና ሰነፍ አይደለችም፤ ሒሳብ የምቀዳው ከእሷ ነው። የሚጠብቃት ካገኘች ታነባለች፤ የሚጠብቃት ግን ጠፋ። እስከ ፈተናው ድረስ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቻ፣ ክፍሉን ይክፈቱልን። ጫማ ቀርቶ ካልሲም እናወልቃለን። ጥልፉን እኔ አጥበዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ። አባቷም ዘንድ ሄደው «ልጅዎ ትማርልኝ» ቢሏቸው የእርስዎን ቃል አይጥሉም። ወላሂ ሌላ መላ አጣሁ።

የኮምፒውተሮቹ ዕድሜ ከእኛ ዕድሜ እንዲረዝም የምትመኝ፣ የዕውቀት ማዕድዎን በመስኮት እያየች የምትጠግብ፣ ስሟን ለመጻፍ ግን ያልደፈረች

ታዛዥ ተማሪዎ

የተረሳ፦ ይህን ለጥፌ ዞር ስል ሙናን አየኋት፤ መጽሐፎቿን እየመለሰች ነው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ጎበዝ! እንደ አዲስ ነው የያዝሽው» ብለው አመሰገኗት። እሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። ትምህርት ቤታችን ንብረቱ ያለ አንዳች ጭረት ስለተመለሰለት እንኳን ደስ ያለ…

«ናፊያ ዓሊዪ!» እያሉ ነው ከኋላዬ። አቤት ጋሼ፣ መጣሁ፣ ይቺን መስመር ብቻ። ተማሪን እስከ አባቱ ስም ድረስ መጥራት ከቻሉ ሙናንም ይጥሩልኝ፤ ገና ከግቢው በር አልወጣችም።