ዘበኛው በሩን አልከፍትም ያለ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆችሽ፣ ያ ሲስቅ ቤት የሚያናውጠው ባለቤትሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘልኝም። ወንድማችን ጋሼ «ይሄ ጭንቅላት እንኳን ፊደል ቀልድም አይገባው» ሲል፣ አንቺ በስልክ ወትውተሽ የማታ ትምህርት አስገባሽኝ። ሌላው በአንድ ዓመት የጨረሰውን እኔ በአራት ጨረስኩ፤ ታዲያ ብዙ የተማረው ማነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም የጋሼ አለቃ ቤታችን መጣ። እኔ በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ሳጥፍ ውዬ በሩ ላይ ደረስኩ። አለቃው «ይሄ ማነው?» ቢለው፣ ጋሼ ዓይኑን ሳያሽ «ዘበኛችን ነው» አለ። እታለም፣ አንድ እናት አጥብታን! እራቴን ጋሼና ሚስቱ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ክፍል አመጡልኝ፤ አልነካሁትም። ቂሜን ብቻ ሳመነዥክ ሰነበትኩ።

ትናንት ጋሼ አለቃውን ይዞ ደግሞ መጣ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወርውሬ «ማን ልበል ጌታው?» አልኩ። «ክፈት አንተ፣ እኔ ነኝ!» አለ። «ዘበኛ እኔ ነኝ ላለ ሁሉ አይከፍትም፤ የዘበኛው ምን ነዎት?» አልኩት። አለቃው ጃንጥላውን ይዞ ያዳምጣል። ጋሼ በበሩ ስንጥቅ «ወንድሜ፣ በናትህ» ብሎ አንሾካሾከ። ዝናቡ አላሰማኝም አልኩ። ያን ጊዜ ጎረቤት እስኪወጣ «ወንድሜ ነው! የእናቴ ልጅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከፈትኩ። ፎጣ ለአለቃው ብቻ ሰጠሁ።

እንግዳው ሲሄድ ጋሼ «ለእህታችን ነግሬ አክስታችን ዘንድ አስጥልሃለሁ» ብሎ ፎከረ። ለዚህ ነው ቀድሜው የጻፍኩልሽ። ሲደውልልሽ «ቤቱ የእናታችን ነው፤ ወንድሜ የትም አይሄድም» በይልኝ። አንቺ ካልሽው አፉ ይያዛል። ይቅር በለው እንዳትይኝ ግን፤ እሱ ራሰ እንጂ የኔ አንጀት ገና አልራሰም። ከእንግዲህ ሰው በመጣ ቁጥር ቀድሜ ወጥቼ «ወንድሙ ነኝ» እላለሁ፤ ፖስተኛውን ሳይቀር ዛሬ ነግሬዋለሁ።

ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ለመንትዮቹም ሰላምታዬ ይድረስ፤ አጎታችሁ መጻፍ ጀምሯል በያቸው። የጋሼ ሚስት እጅ ነስታለች። ጋሼ ሰላም አላለሽም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ወንድምሽ
ከሳሎኑ፣ ጋሼ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ
ሐምሌ 9 ቀን