በአምስት በአምስት የዘነበው ክረምት

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ አንድ አውቶቡስ ነው፣ ስልክም አለ፣ ምን አስጻፈኝ! አሁን ግን አንተ ካረፍህ አምስት ወር ሆነህ፣ እኔም ልነግርህ የሚገባኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። የሚደርስህ አስመስዬ እጽፈዋለሁ።

ሰርተፊኬቱ ሐሙስ ዕለት በኢሜይል መጣ። «ተግባራዊ ዳታ ሳይንስ» ይላል። አንተ «ያ የቁጥር ትምህርትሽ» የምትለው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ባሕር ማዶ፣ ተማሪዋ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ። የቤቱን ባለቤት ፈህሚያን ታውቃታለህ። ቀን መታወቂያና ማመልከቻ ስገለብጥላት እውላለሁ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሯን ትለቅልኛለች። ሰርተፊኬቱን በወፍራም ወረቀት አትማ ሰጠችኝና ፊቴን ስታይ ደነገጠች። «ምነው? ሰው በዚህም ያለቅሳል እንዴ?» አለችኝ።

የማጠቃለያ ሥራዬን በአንተ ደብተሮች ልሥራ ስልህ ምን ያህል ደስ እንዳለህ አልረሳውም። በሰው ላክልኝ ብዬህ ነበር፤ አንተ ግን ሰው አላመንህም። ሃያ ሁለቱን ደብተር በማዳበሪያ ጠቅልለህ፣ እስከ ጎንደር ድረስ ጭንህ ላይ ይዘሃቸው መጣህ። ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢልህ ተቆጣኸው አሉ። «የሃያ ሁለት ዓመት ዝናብ ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ነው» አልኸኝና ራስህ ሳቅህ።

ለዚያች ግቢያችን ውስጥ ለቆመች የዝናብ መለኪያ ስትል ስንት ነገር አመለጠህ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ወደ ብርጭቆው ገልብጠህ፣ መስመሩን አይተህ ሳትጽፍ የትም አትሄድም። ሠርግም ቀብርም ዘግይተህ ስትደርስ ሰዉ «አያ አድማሴ ሰማዩን ሰፍሮ መጣ» እያለ ይስቅብህ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አፍርብህ ነበር፤ ይሄንንም አልነገርሁህም።

ደብተሮቹን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ሦስት ወር ፈጀብኝ። ፈህሚያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩን ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የኢትዮጵያን ቀን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ቀየርሁት፤ የትምህርቱ ወግ ስለሆነ። ከዚያ የተማርሁትን ማጣራት ጀመርሁ። መጀመሪያ የተማርነው ይህንን ነበር፦ ከቁጥሮች መካከል ተፈጥሮ የማይመስለውን ፈልጉ፣ ስታገኙት ተጠራጠሩት።

አገኘሁ። አርባ አንድ ቀን። ሌላው ጊዜ ሁሉ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት እያልህ የጻፍህ ሰው፣ በዚያ አንድ ክረምት ዜሮ፣ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ብቻ ጽፈሃል። ሌባ የያዝሁ ያህል ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ነው ያለኝ። መንገዱ በተዘጋጋበት በዚያ መጋቢት፣ ወዲያው ስልክ አነሳሁ።

«አባዬ፣ ከጁላይ አሥር እስከ ኦገስት አሥራ ዘጠኝ ያለው ልክ አይደለም።»

«እሱ በኛ መቼ ነው ልጄ?»

«የ2008፣ ከሐምሌ ሦስት እስከ ቡሄ።»

መልስህን ሳልጠብቅ ቀጠልሁ።

«ዝናብ እንዲህ በአምስት በአምስት አይዘንብም። ሳትለካ ከራስህ የጻፍኸው ነው አይደል? ለሰው አልናገርም፣ እመንልኝ ብቻ።»

ዝም ብለህ ቆየህና «እንግዲያ አውጪው። ትምህርትሽ እንዳይበላሽ» አልኸኝ። ቀጥለህ «እናትሽ እዚሁ አጠገቤ ናት፤ ሰላም በያት» ብለህ ስልኩን ሰጠሃት።

ዝምታህን እንደ ማመን ቆጠርሁት። አርባ አንዱን ቀን ሰረዝሁና ሥራዬ ላይ «መዝጋቢው እነዚህን ቀናት ሳይለካ በግምት ሞልቷቸዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ። መምህሬ «ጥሩ ዓይን አለሽ» ብሎ መለሰልኝ። ያንን አድናቆት ለሳምንት ያህል እያነበብሁት ተኩራራሁ።

ግንቦት ላይ ታመመ አሉኝ፣ ቀጥሎ አረፈ አሉኝ። መንገድ አጥቼ ለቀብርህ አልደረስሁም፤ የደረስሁት ለሰልስትህ ነው። ለቀስተኛው ሲሳሳ እማዬ እጄን ይዛ ወደ ጎተራው ወሰደችኝ። በጀርባው በኩል ጭቃው ላይ በከሰል የተጫረ ጭረት ነበር፤ አንድ ቦታ አንድ፣ አንድ ቦታ ሦስት፣ አንድ ቦታ ለባዶው ቀን ክብ።

«እግርሽ አመርቅዞ ጎንደር ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ የለካሁት ነው» አለችኝ። «አባትሽ ካልጋሽ ሥር ሲተኛ ማን ይለካ? ብርጭቆው ላይ ወፍራም ወፍራሟን መስመር አሳይቶኝ ሄደ። ውኃው አንዷ ጋ ሲደርስ አንድ እጭራለሁ፣ ሁለተኛዋ ጋ ሲደርስ ሁለት። ቁጥር የት አውቄ። ሲመለስ አንዷን ጭረት በአምስት እየቆጠረ ደብተሩ ላይ ጻፋት። ይሄን ጎን እንዳልለቀልቀው ከልክሎኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።»

አባዬ፣ ከሆስፒታል የወጣሁት በቡሄ ዕለት ነው። የልጆቹን ጅራፍ እየሰማን፣ አዝለኸኝ ነው ወደ አውቶቡሱ የወሰድኸኝ። ያንን ቀን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ቡሄን በገዛ አፌ ጠርቼልህ እንኳ አልነቃሁም፤ ቁጥሩ ነበር የሚታየኝ።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ለትምህርትሽ ጠቀመሽ ወይ? አባትሽ ‹ዓይናለም ያንቺንም ጽፋዋለች› ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ያን ጊዜ ዝምታህ ገባኝ። አጠገብህ ተቀምጣ ነበር። ሥራዋ ውሸት ተባለ ብለህ በፊቷ ከመናገር፣ ውሸታም መባልን ለራስህ ወሰድህ።

«በጣም ጠቅሞኛል እማዬ» አልኋት። ሸጋ ሳቅ ሳቀችልኝ፤ በሐዘኗ መካከል።

ጎንደር እንደተመለስሁ ሥራዬን ላስተካክል ብዬ ለመምህሬ ጻፍሁ። ውጤቱ ተዘግቷልና ሰርተፊኬቱ ወደሚቀጥለው ዙር ይዘገያል አለኝ። ይዘግይ አልሁት። አርባ አንዱን ቀን መለስሁ። ያንን ዓረፍተ ነገር አጥፍቼ በቦታው ይህን ጻፍሁ፦ «በእነዚህ ቀናት ዝናቡን የለካችው የመዝጋቢው ባለቤት ባንቺአየሁ ናት፤ ልኬቷ ወደ አምስት ሚሊ ሜትር የተጠጋጋ ነው። መዝጋቢው በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ልጁን ያስታምም ነበር።» ሐሙስ ዕለት የመጣው በዚህኛው ሥራ የተሰጠኝ ነው። ለእማዬ የዋሸኋት እውነት ሆነላት።

ወረቀቱ ላይ ስምህ ንጹሕ ነው። አንተ ግን ከእኔ አፍ የሰማኸው የፊተኛውን ነው። ከዚያ ስልክ በኋላ ሁለት ወር ያህል ኖረሃል። የመጨረሻውን ደብተርህን አየሁት፤ እስከ ታመምህባት ቀን ድረስ አንድም ጠዋት አላለፈህም። በየሳምንቱ እደውልልህ ነበር፤ ስለ ጉልበትህ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ መንገዱ አወራን። ያን ነገር አንተ አላነሳኸውም። እኔም አንድ ቀን እንኳ «አባዬ፣ ያን ክረምት ምን ሆነህ ነበር?» ብዬ አልጠየቅሁህም።

ነፍስህን በገነት ያኑርልኝ።

ሳትጠይቅ የፈረደችብህ ልጅህ፣
ዓይናለም አድማሴ
ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.