ስለ ተቆረጡት ዘጠኝ ደቂቃዎች

ለክቡር የከተማችን ሕዝብ አዳራሽ የፊልም መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ሁሉን የሚያይ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ይልቁንም የዓይንዎን ብርሃን ሳያጓድል ዕድሜዎን ያርዝምልን እያልሁ፣ በንባብና በትርጓሜ ያረጀሁ እኔ አገልጋይዎ ይህን ምስጋና በአደባባይ የማቀርበው በፍጹም ትሕትና ነው።

አንደኛ፦ በአዳራሹ መግቢያ «የምትወዱትን፣ ነገር ግን የሚገባውን ክብር ያላገኘ ፊልም ጠቁሙን» የሚል ሣጥን ስላኖሩልን እናመሰግናለን። እኔም ስለ እህቴ ባል፣ ስለ አናጺው ስል አንድ ፊልም ጠቆምሁ። አንድ ሽማግሌ ለሴት ልጁ ቤት በር ሲሠራ የሚያሳይ ነው፤ በመካከሉም አንዲት ቃል ሳይናገር ሻካራውን ጣውላ በመላጊያ የሚያለሰልስባቸው ዘጠኝ ደቂቃዎች አሉ። አማቼ ሙያውን የመረጠው በወጣትነቱ ይህን አይቶ ነው። እኔ ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው እያልሁ ስገሥጸው ኖሬ፣ አንድ ቀን እጄን ይዞ ወስዶ ቢያሳየኝ፣ በመጻሕፍት ስለ አርምሞ ያነበብሁትን ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት።

ኮሚቴዎ ግን «ፊልሙን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ አልተመረጠም» ሲል መለሰልን። ያልታወቀውን ጠቁሙ ብሎ ጠይቆ ስላልታወቀ የሚጥል ጥበብ፣ በተማርኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ሊቅነትዎን ተቀብያለሁ።

ሁለተኛ፦ ሐኪሙ የአማቼ የዓይን ብርሃን ከሦስት ወር እንደማያልፍ ስለነገረን፣ ወረቀቱን አያይዘን ጥቆማችንን ደገምን፤ ሠለስንም። ጸሐፊዎም «አባቴ፣ ይሄ ሣጥን የፊልም ነው፤ የሕክምና ወረቀት የሚገባው ሆስፒታል ነው» ብላ በፈገግታ ሸኘችን። ስለ ፈገግታዋ እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። ሐኪሙ ከነገረን በአሥረኛው ሳምንት ፊልሙ ተፈቀደ። አማቼ የክት ልብሱን ለብሶ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠ፤ የቀረችው ብርሃን በዓይኑ ጠርዝ ብቻ ስለነበረች አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ይመለከት ነበር። ሽማግሌው ጣውላውን አጋደመ፤ መላጊያውን አነሣ፤ ወዲያውም በሩ ተሠርቶ፣ ተሰቅሎ፣ ልጂቱ ስትገባበት አየን። አማቼ ክንዴን ጨብጦ፣ «የኔታ፣ ዓይኔ መሐል ላይ ጠፍቶ ተመለሰ እንዴ?» አለኝ። «ፊልሙስ ለአፍታም አልቆመም» አልሁት። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ሐሰት ከበደኝ።

በማግስቱ ብጠይቅ፣ ዘጠኙ ደቂቃዎች «ምንም ስለማይሆንባቸውና ተመልካች ስለሚሰለች» መቆረጣቸው ተነገረኝ። ሻካራው ሲለሰልስ ምንም አልሆነም ከተባለ፣ የእኔና የአማቼ ዕድሜም ምንም ያልሆነበት ነውና፣ መቀስዎ ሳይደንዝ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ሙሉውን እንዲያሳዩን ብለምን ደግሞ፣ አንዴ የታየ ፊልም እስከ ሁለት ዓመት እንደማይደገም የሚያዝ ደንብ ተነበበልኝ።

ትናንት ጠዋት አማቼ መብራት እንዳበራለት ጠየቀኝ። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፀሐይዋ ደረቱ ላይ ነበረች።

ስለዚህ ከእንግዲህ ምንም አልለምንዎትም። እርሱ እስከ ዛሬ ዘጠኙን ደቂቃዎች የነሣው ዓይኑ እንደሆነ ያምናል፤ እናንተን አልጠረጠረም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ስለጥፍም ያነበዋል ብዬ አልሰጋም፤ የምታነቡ ጎረቤቶች ግን እንዳታነቡለት አደራ እላለሁ።

የኮሚቴዎን ትዕግሥት ማጣት በትዕግሥት የተቀበልሁ፣ ለወንበርዎ ጽናት ለዓይንዎም ጥራት ዘወትር የምጸልይ፣

ታዛዥዎ፣ የአናጺው አማች

በድጋሚ፦ የአዳራሽዎ ትልቁ በር ሲዘጋ ድምፅ እንደማያሰማ አስተውለው ይሆናል። የአማቼ ሥራ ነው። ጣውላውን ለማለስለስ ብቻ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል፤ በእነዚያም ቀናት ምንም አልሆነም።