ከኢሜይሌ ግርጌ ያሉት ሁለት ስሞች

ውድ አባቴ፣

ከይጁቤ የላኩት መልእክት ደረሰኝ። «በእኔ ጦስ ልፋትሽን ተነጠቅሽ፤ ያን ስም አጥፊው» ብለዋል። አላጠፋውም። የሆነውን ከእኔው ይስሙ።

ስልኬን የገዛሁ ዕለት፣ «ከምልከው ሁሉ ግርጌ የሚወጣ ስም ሙዪ ይለኛል፤ ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅሁዎት። ብራና እየፋቁ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ የክርስትና ስሙን ነው የሚያኖረው። ወለተ ሚካኤል በይ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሞላሁት። የቢሮዬ ኮምፒውተር ግን «ሥራነሽ አማረ፣ የአፈር ባለሙያ» ይል ነበር። ሁለቱን ላስማማ አንድም ቀን አላሰብሁም።

ሮብ ገበያ ከተማ ዙሪያ ሰባት ወር አፈር ስቆፍር ከርሜ፣ የአፈር ጥናቴን እዚያው ሆኜ በስልኬ ላክሁ። በቢሯችን ሁላችንም የምንልከው በአንድ የጋራ አድራሻ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚለየው የግርጌው ስም ብቻ ነው። ኃላፊዬ ደመላሽ በራሱ ስም አሳተመው። ስጠይቀው በሰው ፊት ሳቀ።

«የላከችው ወለተ ሚካኤል ናት። መነኩሲት ቀጥረናል እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።»

አላለቀስሁም። ለበላይ ኃላፊዎች አቤቱታ ጻፍሁ፤ ረቡዕ ቢሮው ውስጥ ይሰማል።

አባቴ፣ ሳልነግርዎ የኖርሁት አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሊጠይቁኝ መጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ለጓደኞቼ «የአገሬ ሰው ናቸው» ብያለሁ። በጥምጥምዎ አፍሬ ነበር። ያን ስም ስልኬ ላይ ያኖርሁት ይቅርታ መጠየቂያ አጥቼ ነው።

ትናንት የኮምፒውተሩን፣ የስልኩንና የታብሌቱን የግርጌ ስም አንድ አደረግሁት፤ ሁለቱንም ስሞቼን ጻፍሁበት። ከእያንዳንዱ ለራሴ ልኬ አየሁ። ታብሌቱ አስቸገረኝ፤ ሁለት ጊዜ ባዶ ግርጌ ላከ። ባልደረባዬ የኔአለም አጠገቤ ሆና፣ «አንቺ፣ የክርስትናውን ተይው፣ ይቀልሻል» አለችኝ።

«የሚቀለው ለደመላሽ ነው» አልኋት።

ረቡዕ፣ ስመረቅ የሰጡኝን ዳዊት ይዤ እገባለሁ። በመጨረሻው ቅጠል «ለልጄ ለሥራነሽ፣ በክርስትና ስሟ ለወለተ ሚካኤል» ብለው በእጅዎ ጽፈዋል። ጉልበትዎ ታሟልና ለምስክርነት አይድከሙ፤ እጅዎ መስክሯል። ከመጡ ግን የቢሮው በር ላይ ይቁሙልኝ። ስወጣ፣ ፈረዱልኝም አልፈረዱልኝም፣ ለሁሉም «አባቴ ናቸው» እላለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ከእንግዲህ በምንም ብጽፍ ስሜ የማይለወጠው ልጅዎ፦

ሥራነሽ አማረ (ወለተ ሚካኤል)
የአፈር ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ