ሠላሳ በመቶ

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ላፕቶፑ ዛሬም አንድ የቤት ፕላን ለመክፈት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም። እማዬ ካረፈች ወዲህ የያዝኩት ሥራ ሁሉ በዚሁ ተጓተተ። ቫይረስ ነው ብዬ ፎርማት ላስደርገው አዲሱ ገበያ፣ ወደ ጓደኛዬ ወደ ብሩክ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት።

ብሩክ ፈታው፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሙቀቱን አየ፤ ምንም የለም። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገባና ሳቀ።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው እኮ! ፕሮሰሰሩ ከሠላሳ በመቶ በላይ እንዳይሠራ ተገድቦ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገብህ?"

"እኔ እንጃ" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ትዝ አለኝ።

እኔው ነኝ። ክረምቱን እማዬ ታማ ስትተኛ አልጋዋ ከጠረጴዛዬ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር። ላፕቶፑ ሥራ ሲበዛበት ፋኑ ይጮኻል፣ እሷም ትባንናለች። "በማርያም፣ ያን ወፍጮህን አስቁምልኝ" ትለኛለች። ቀስ ብሎ ከሠራ አይጮኽም፤ ስለዚህ አዘገየሁት። ሲሻላት እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። አልተሻላትም፤ እኔም ረሳሁት።

ብሩክ መቶ ላይ አደረገልኝ። ቤት ገብቼ ፕላኑን ስነካው ወዲያው ተከፈተ። ፋኑም ተነሣና ቤቱን ሞላው። ሥራው ከፊቴ ተዘርግቶ እያለ፣ አልጋዋ ወደነበረበት ጥግ ዞሬ ብዙ ቆየሁ።

ወፍጮው ይጮኻል። አስቁም የሚለኝ ግን የለም።