አንድ ወንበር ለሁለት ሰው

ሸዋ ሮቢት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ጤናህን ልጠይቅ። ያ የጉሮሮህ ሕመም ተወህ? የአዲስ አበባ ብርድ ለቆላ ሰው አይመችም፤ ስትወጣ አንገትህ ላይ የሆነ ነገር ጣል አድርግ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና የምልህ ሙቀቱን ሳልቆጥር ነው፤ ዘንድሮ ሮቢት ጥላው ራሱ ይፋጃል። እማዬ ጉልበቷን እያመማትም ሁዳዴን እየጾመች ነው፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ልጄ ይሄኔ ምን በልቶ ይሆን ማለቷንም አልተወችም። የጓሮው ማንጎ ስለደረሰ በካርቶን ልካልሃለች። ይዞልህ የሚመጣው ጎረቤታችን ሾፌሩ ኑረዲን ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ነገ ጣርማ በርን አልፎ ከሰዓት አንተ ዘንድ ይደርሳል። ደብዳቤውን ከማንጎው ጋር አላስገባሁትም፤ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ድምፅ ይሠራል፤ እሁድ ዕለትም ደውለሃል። ግን እንዴት እንደደወልክ ታስታውሳለህ? ስብሰባ ልትገባ እንደሆነ፣ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው ድረ ገጻችሁ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው እየሸጠ እንዳስቸገረ፣ የመኪናዎቹ ባለቤቶች እንደተቆጡ፣ ለፋሲካ መንገደኛው ሳይበዛ መስተካከል እንዳለበት በአንድ ትንፋሽ ነገርከኝና ምን ላድርግ አልከኝ። እንዴት ነሽ እንኳ አላልከኝም። ስልኩን ለእማዬ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የተናደድኩ መስሎህ ከሆነ ልክ ነህ። በችኮላ ብመልስልህ ግን እንደ ሁልጊዜው የሥራውን ብቻ ተናግሬ የራሴን ሳልናገር እንዳልቀር ፈራሁ።

ስለዚህ ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍልህ። አብዛኛውን ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ። ነገር ግን አንድን ወሬ ደጋግሞ ያወራ ሰው በመጨረሻ ራሱም ያምነዋልና፣ እኔ የማስታውሰውን ልንገርህ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ የተመለስኩ ጊዜ፣ ድረ ገጽ እሠራለሁ ብዬ ስሜንና ፎቶዬን ኢንተርኔት ላይ አውጥቼ ነበር። የመጡትን መልእክቶች አብረን ነው ያነበብናቸው። አንዱ ቀለሙንና ሥዕሉን አንቺ ሥሪ፣ ዋናውን የሚሠራ ወንድ አለሽ ወይ አለኝ። ሌላው ስለ ሥራው አንድ ቃል ሳይጠይቅ እራት ጋበዘኝ። ያን ጊዜ አንተ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ነበርክ። እስቲ የእኔን ስምና ፎቶ አድርጊበት አልከኝ፤ ሳቅን፤ አደረግነው። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ መጣ። ያን ቀን አንተ ይበልጥ ሳቅህ፣ እኔ ግን ሳቄ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም። ደንበኛ በቪዲዮ ሲደውል አንተ ሸሚዝህን ለብሰህ ካሜራው ፊት ትቀመጣለህ። እኔ ከላፕቶፑ ጀርባ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ አባባ በአስተማሪነቱ ዘመን ያስቀረውን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የምትመልሰውን በጠመኔ እጽፍልሃለሁ። አንተ ታነባለህ። ማንበቡን ጎበዝ ነበርክ፤ እኔ ያላሰብኩትን ቀልድ ትጨምርበታለህ፣ ደንበኛው ይስቃል። የጠመኔው ብናኝ ሊያስለኝ ሲል አፌን በሻሼ አፍናለሁ። እማዬ ደግሞ በሩን ከፈት አድርጋ፣ ወንድምሽ ሥራ ላይ ነው አታስቸግሪው፣ ተነሺና ሽንኩርቱን ላጪ ትለኛለች። እነሳና እልጣለሁ። አንተም የምታነበው ስታጣ ኔትወርክ አስቸገረን ብለህ ትዘጋዋለህ።

ኮድ ሲጻፍ ከእያንዳንዱ መስመር ጋር የጻፈው ሰው ስም ይመዘገባል። ሁሉም ያንተ ስም ነው። ኩባንያው ያንን አይቶ ነው አዲስ አበባ ድረስ የወሰደህ። የተሸኘህ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መረቀህ፤ እኔም አሜን ብያለሁ፣ ከልቤ ነበር። አንተ ስትሄድ ሥራው እዚሁ ቀረ። ኢንተርኔቱ እስኪቋረጥ ድረስ የተሰጠህን ትልክልኝ ነበር፤ እኔ ላፕቶፑ እንዳይግል ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጌ እሠራና እመልስልህ ነበር። እማዬ ቁጭ ብዬ ስታየኝ ሥራ የፈታሁ ይመስላት ነበር። እኛ አገር ለወንድም የተሠራ ሥራ፣ ሥራ አይባልም።

ስለ ቢሮህ የነገርከኝንም አልረሳሁም። ከቡድናችሁ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ሩሐማ። የሚሰጧት ገጹን ማሳመርና ቀለም መምረጥ ስለነበር «ቀቢዋ» እንደሚሏት እየሳቅህ አጫወትከኝ። አንድ ቀን ክፍያው ላይ ስህተት አግኝታ ስትናገር አለቃችሁ ሮቤል ሻይ እዘዢልን ብሎ አቋረጣት። ቆይተህ ያንኑ ስህተት አንተ ስትናገር አጨበጨቡልህ። ያን ስህተት አግኝቼ የላክሁልህ እኔ ነበርኩ፣ ወንድም ጋሼ። ሩሐማን አላውቃትም፣ ግን ያን ቀን ሁለታችንም አንድ ነገር አይተን፣ እሷ ሻይ አዘዘች፣ እኔም እዚህ ሽንኩርት ላጥኩ። እሷ ሥራውን ለቀቀች። ወዲያው ኩባንያው የሥራ ማስታወቂያ አወጣ፤ ከግርጌው ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ ይላል።

አመለከትኩ። ላስደስትህ ብዬ ነበር ያልነገርኩህ። በራሴ ስም፣ በራሴ ፎቶ። ፈተና ላኩልኝ፤ እንደማውቀው አድርጌ ሠርቼ መለስኩ፣ ሌላ አሠራር አላውቅም። መልሱ በኢሜይል መጣ። ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አጻጻፉ ከአንድ ከፍተኛ ባለሙያችን አጻጻፍ ጋር ፍጹም አንድ ሆኖ አግኝተነዋል፣ የአባት ስማችሁም አንድ ነው፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አይቶ አረጋግጦልናል፣ የሰው ሥራ ቀድቶ ማቅረብ ደግሞ ከመመሪያችን ውጭ ነው ይላል።

ከራሴ ላይ ሰረቅሽ ተባልኩ። ይህ ለማን ይነገራል? ለእማዬ ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያሰቀለችውን ያንተን ፎቶ፣ ያንን የኩባንያውን መታወቂያ አንገትህ ላይ አድርገህ የተነሣኸውን፣ ቀና ብዬ አየሁና ዋጥኩት። ማን እንዳረጋገጠላቸው አልጻፉም። እኔም አልጠየቅኩም። በዚያው ሰሞን ስትደውል ግን ድምፅህ ልክ አልነበረም፤ ስለ እማዬ ጉልበት ደጋግመህ ጠየቅከኝ፣ ስለ እኔ ምንም ሳትል ዘጋኸው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል የለ፤ እኔም ያን ሰሞን ይህንኑ ለራሴ እየነገርኩ ተኛሁ።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ያንን ድረ ገጽ ስሠራው መቀርቀሪያ አድርጌለት ነበር። አንድ ሰው ወንበር ከመረጠ፣ ከፍሎ እስኪጨርስ ድረስ ሌላው እንዳይነካበት የሚዘጋ። ገጹን ትንሽ ያዘገየዋል። ሮቤል በስብሰባ ላይ ይህን የሽማግሌ አካሄድ ማን ነው የጻፈው ብሎ ሲስቅ፣ አንተ ለምን እንደተደረገ ስለማታውቅ፣ እኔ ነኝ፣ አነሳዋለሁ አልክ፤ አነሳኸውም። ያለ እኔ ብቻህን የሠራኸው የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው። መልሰው ብዬ ለመንኩህ፤ ነገሩ ይረሳና አልከኝ። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፣ እናንተም በላዩ ላይ ሌላ ሌላ ሠራችሁበት።

ምን እንዳስከተለ አንተ በወሬ ነው የሰማኸው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ እየሠራሁ ነው የምውለው። ሰው ይገባና እኔን አይቶ፣ ሠራተኛው የለም እንዴ ይለኛል። የለም፣ አዲስ አበባ ነው እላለሁ። ቀልዱ የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ እዚያው ፊት ለፊታችን ቆሞ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ወጥቼ አየሁ። ዓይሻ የምትባል የአጣዬ ሴት ናት። ልጇን አዲስ አበባ አሳክማ መመለሷ ነው። አንድ ሰውዬ በዚያው የወንበር ቁጥር ትኬት ይዞ ቀድሟት ስለተቀመጠ፣ ከአዲስ አበባ ጀምራ መተላለፊያው ላይ ልጇን አቅፋ መጥታለች። እኛ ከተማ ሲደርሱ ትራፊኩ ትርፍ ሰው ጭነሃል ብሎ አስቆማቸው፣ አንድ ሰው ይውረድ አለ። ረዳቱ የሁለቱንም ስልክ አየ፤ የሁለቱም ትኬት እውነተኛ ነው። ሲስተሙ ነው እንጂ እኛ ምን እናድርግ አለ። ከዚያ ሰውዬውን ጋሼ እርስዎ ይቀመጡ ብሎ፣ እሷን ባልሽ ጋ ደውዪና መጥቶ ይውሰድሽ አላት። አጣዬ ከተቃጠለች ወዲህ ባልም ቤትም እንደሌላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። አወረዷት።

ቤት ወሰድኳት። ልጁ ከቀዶ ጥገና የወጣ ነው፣ ሙቀቱ አዝሎታል። እማዬ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች በካርቶን ክዳን ስታራግበው ዋለች። ዓይሻ ሻዩን ሳትነካው ተቀምጣ፣ ይህን ነገር የሠራውን ሰው አላህ የእጁን ይስጠው አለች። እማዬ እያራገበች አሜን አለች።

ወንድም ጋሼ፣ እናታችን አሜን አለች። ማን እንደሠራው አታውቅም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ የእኔ እጅ ይሁን ያንተ መለየት አቃተኝ፣ ከዚህ ቤት መውጣቱን ግን አውቃለሁ። በማግስቱ ኑረዲን እስከ አጣዬ አደረሳት።

እሁድ ለእማዬ ያልካትን ነግራኛለች። አዲስ አበባ ኢንተርኔት ስላለ ከአንተ ጋር ብኖር፣ ቤትህን ብይዝልህ፣ ባበስልልህ ይሻላል ብለሃል። እሷ ደስ ብሏት ሻንጣዬን አውርዳ አቧራውን አራግፋለች። አልመጣም። ናፍቀኸኛል፣ ይህን አትጠራጠር፤ ግን ካንተ ቤት ወለል ላይ ሰሌዳ ይዤ መቀመጥ አልችልም።

የምትጠብቀው መልስ ይኸውልህ። መቀርቀሪያው መመለስ አለበት። እንደነበረ ብቻ ብትመልሱት ግን በላዩ የተሠራው ስለበዛ ክፍያውን ያቆመዋል። እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ አዲሱን ኮድ በስልክ ካነበቡልኝ በአንድ ቀን ይስተካከላል። ለአንተ ግን አልነግርህም። ክፋት አይደለም፤ ለአንተ ብነግርህ ያው ሰሌዳ መያዜ ነው። ሮቤል ራሱ ይደውልልኝ። በራሴ ድምፅ፣ አንተም ቁጭ ብለህ እየሰማህ፣ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ትኬቱ በድረ ገጽ መሸጡ ይቁምና በመናኸሪያ መስኮት ይሸጥ፤ ይህን ለማለት የእኔ እርዳታ አያስፈልግህም።

ለሮቤል እኔ ማን እንደሆንኩ መናገር የሚችለው ግን አንተ ብቻ ነህ። ከሥራ ቢያስወጡህስ? አስቤዋለሁ፣ አልቅሼበታለሁም። እማዬ ያንን ፎቶ ከግድግዳው ስታወርድ ማየት አልፈልግም። የዓይሻን ልጅ ግን አይቼዋለሁ፣ ፋሲካም ደርሷል።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፤ ልብህን ያበርታልህ። አባባ በሕይወት ሳለ ይመርቅህ እንደነበረው በሰው ፊት አያሳፍርህ። በዓሉን በጤና አድርሶ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ማንጎውን ብቻህን እንዳትጨርሰው ብላለች።

ሮቤል የስልክ ቁጥሯን ከየት አገኛለሁ ካለህ፣ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ማመልከቻዬን አይተህ የት እንዳስቀመጥከው አንተ ታውቃለህ።

አሁንም የምትወድህ፣
እህትህ